በሕዋስ ውስጥ ስለሚካሄደው ማፍረስና ከእርሱ ስለ ተገኘው መድኃኒት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከጧት ጀምሮ የተነገረው ሁሉ ስለ መሥራት ነው። የትኛው ክፍል መቼ እንደ ተሠራ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በማን ርዳታ እንደ ቆመ፣ ከዚህ ቤት ስንት ተማሪዎች ተምረው እንደ ወጡ ሰምተናል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። እኔ ግን የሳይንስ ክበባችን ጥቂት ደቂቃዎች ስለ ፈቀደልኝ፣ በተቃራኒው ስለ ማፍረስ ልናገር ተነሥቻለሁ። የምናገረውም ስለ ቤት መፍረስ ሳይሆን እዚህ በተቀመጥንበት በእያንዳንዳችን ሥጋ ውስጥ በዚህች ደቂቃ ስለሚካሄደው መፍረስ ነው። ሊቃውንት ይህን ሥራ እንዴት እንደ ደረሱበት፣ ሐኪሞችም በሽታን ለማከም እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በታሪኩ መካከል አንድ መድኃኒት አለ። ይህ መድኃኒት ከ10,000 የሚበልጡ ሕፃናት እጃቸውና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ አደረገ። ይኸው መድኃኒት በኋላ የብዙ ሕሙማንን ሥቃይ አስታገሠ፤ ዕድሜያቸውንም አራዘመ። ጉዳቱንም ጥቅሙንም ያመጣው በአንድ ዓይነት አሠራር መሆኑ የታወቀው መድኃኒቱ ለገበያ ከቀረበ ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እኔን ይህን ርእስ ያስመረጠኝም ይኸው ነገር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሰውነታችን ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን፣ የሕዋስንም ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው ፕሮቲን መሆኑን ሁላችንም በክፍል ተምረናል። ኦክስጅንን በደም የሚሸከም፣ ጡንቻን የሚስብ፣ ምግብን የሚያልም፣ በሽታን የሚከላከል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ተሰክተው፣ ክሩም ተጠምዝዞና ተጣጥፎ መልክ የያዘበት ነገር ነው።

ቀድሞ ብዙ ሊቃውንት አካልን እንደ መኪና ይቈጥሩት ነበር። ምግብ ነዳጅ ነው፤ አካል ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ያለቀው ብቻ ካልተጠገነ በቀር እንዳለ ይኖራል ይሉ ነበር። ይህን ሐሳብ የለወጠው ሩዶልፍ ሾንሃይመር የተባለ ሊቅ ነው። ሾንሃይመር በጀርመን ተወልዶ፣ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ጀመር። እዚያም ከተለመደው ናይትሮጅን ትንሽ ከበድ በሚል ናይትሮጅን ምልክት የተደረገበትን አሚኖ አሲድ ለአይጦች አበላ። አሚኖ አሲዱ ነዳጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ወዲያው በሽንት በወጣ ነበር። ነገር ግን ከግማሽ የሚበልጠው በአይጦቹ ሥጋ ፕሮቲን ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ የአይጦቹም ክብደት አልጨመረም። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ወጥቷል ማለት ነው። በገጠር የሣር ቤት ክዳኑ በየጊዜው ሲለወጥ፣ ማገሩም አንድ በአንድ ሲተካ፣ ቤቱ ግን ያው የእገሌ ቤት እንደሚባል ሁሉ፣ እኛም እንዲሁ ነን።

የሁሉም ፕሮቲን ዕድሜ አንድ አይደለም። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሕዋሱ እስኪያረጅ ድረስ 120 ቀን ያኽል ይቈያል። በዐይናችን ሌንስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ከተወለድን እስክንሞት አብሮን ይኖራል፤ አያቶቻችን በስተርጅና ዐይናቸው የሚጋረደውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለሕዋስ ትእዛዝ የሚያስተላልፉት ፕሮቲኖች ግን አንዳንዶቹ በተሠሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳሉ። ይህ ብክነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የትምህርት ቤታችን ደወል ተደውሎ ዝም ባይል፣ ቀኑን ሙሉ ቢጮኽ፣ የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደ ጀመረ፣ የትኛውስ እንዳበቃ ማን ያውቅ ነበር? «ተከፋፈል» የሚል ትእዛዝ የተቀበለ ሕዋስ ትእዛዙ ካልተነሣለት መከፋፈሉን አያቆምም፤ እንዲህ ያለው ማቆሚያ ያጣ መከፋፈል ነው ካንሰር የሚባለው።

አፍራሹ ማን ነው? በ1955 ቤልጅጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ሊሶሶም የተባለውን፣ በሕዋስ ውስጥ የሚገኘውን እንደ ትንሽ ጨጓራ ያለ ከረጢት አገኘ። ብዙዎችም ጥያቄው ተፈታ አሉ። ነገር ግን አንድ እንቈቅልሽ ቀርቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1953፣ ሲምፕሰን የተባለ ተመራማሪ የጉበት ሕዋስ ፕሮቲኑን ለማፍረስ ጉልበት እንደሚያስፈልገው አሳይቶ ነበር። ይህ እንግዳ ነገር ነው። ድንጋይን ወደ ኮረብታ ለማውጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ወደ ታች ለመንከባለል ግን ማን ይገፋዋል? እኛ በልተነው በሆዳችን የሚልመው ሥጋ እንኳ ለመፍረሱ እንዲህ ያለ ጉልበት አይጠይቅም። ታዲያ ሕዋስ ስለ ምን ለማፍረስ ይከፍላል?

ይህን ጥያቄ ይዞ ዓመታት የቈየው አቭራም ኸርሽኮ ነው፤ በእስራኤል አገር በሃይፋ በቴክኒዮን ተቋም ከተማሪው ከአሮን ቺካኖቨር ጋር ይሠራ ነበር። ለሥራቸው የመረጡት ገና ያልበሰለ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋስ ነው። ምርጫው ብልኀት ነበረበት፤ ይህ ሕዋስ ሊሶሶም የለውምና፣ በውስጡ ፕሮቲን ከፈረሰ ሌላ አፍራሽ አለ ማለት ነው። የሕዋሱን ጭማቂ ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ለብቻው አይሠራም፤ ሌላውም ለብቻው አይሠራም፤ ሲቀላቀሉ ግን ማፍረሱ ይቀጥላል። ከሁለቱ አንዱ ክፍል ሄሞግሎቢን የሞላበት ስለ ነበረ በውስጡ የሚፈልጉትን መለየት አስቸገራቸው። በዚህ ጊዜ ክፍሉን አፈሉት። ሄሞግሎቢኑና ሌላው ፕሮቲን እንደ ተቀቀለ ዕንቁላል ረግቶ ወደ ታች ወረደ፤ የሚፈልጉት ግን ከነሥራው በፈሳሹ ውስጥ ቀረ! ይህን ያወጡት በ1978 ነው። እኔ በበኩሌ ከታሪኩ ሁሉ ይህን ክፍል እወደዋለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ መካከል መንገዱን የከፈተው ማፍላት ሆኖ መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

ሙቀት ያልጎዳው ይህ ትንሽ ፕሮቲን 76 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። በእንስሳትም በእጽዋትም፣ በእርሾም ሳይቀር ስለሚገኝ «በሁሉ ዘንድ ያለ» ለማለት ዩቢኩቲን ተባለ። ኸርሽኮና ቺካኖቨር በፊላደልፊያ ከሚገኘው ከአርዊን ሮዝ ጋር ሆነው በ1980 ያሳዩት ነገር ይህ ነው፤ ዩቢኩቲን ራሱ አያፈርስም፤ ሊፈርስ በተወሰነበት ፕሮቲን ላይ ተደራርቦ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ጉልበቱም በመጀመሪያ የሚወጣው ለዚህ ነው። የትኛው ይፍረስ፣ የትኛው ይቈይ ብሎ ለመምረጥ ሕዋስ ዋጋ ይከፍላል። ሦስቱም በ2004 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩን በምናውቀው ላስረዳ። በከተማ አዲስ መንገድ ሊወጣ ሲል፣ የሚነሡት ቤቶች በር ወይም አጥር ላይ በቀለም ምልክት ይደረጋል። ቀለሙን የሚቀባው ሰው ቤቱን አያፈርስም፤ ቤቱን የሚያፈርሱትም ሠራተኞች የማን ቤት እንደ ሆነ አይጠይቁም፤ ቀለሙን አይተው ይጀምራሉ። (በዘፀአት ታሪክ በግብፅ በየደጃፉ የተቀባው ምልክት ያዳነ ነበር፤ ይኸኛው የተገላቢጦሽ ነው።) በሕዋስ ውስጥ ቀለሙ ዩቢኩቲን ነው። የአፍራሾቹ ቡድን ፕሮቲያሶም ይባላል፤ ከ28 ክፍሎች የተሠራ፣ እንደ በርሜል ያለ፣ በአፉ ላይ ጠባቂ የተደረገለት መሣሪያ ነው። የሚቈርጡት ስለቶች ያሉት ከበርሜሉ ውስጥ እንጂ ከውጭ አይደለም። ይህም ባይሆን ኖሮ ያገኘውን ሁሉ በቈረጠ ነበር። ጠባቂው ምልክቱን አይቶ ፕሮቲኑን ይይዛል፤ ዩቢኩቲኑን ለሌላ ጊዜ እንዲያገለግል ይነቅለዋል፤ የተጣጠፈውን ክር ይፈታል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይልከዋል። የተቈራረጠው አሚኖ አሲድም፣ የፈረሰ ቤት እንጨትና ቈርቈሮ ለሌላ ቤት እንደሚሆን፣ ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ይሆናል።

የሁሉም ቍልፍ ግን ቀለም ቀቢው ነው። የሰው ሕዋስ ከ600 በላይ የቀለም ቀቢ ዓይነቶች እንዳሉት ይገመታል፤ እያንዳንዱም የሚያውቃቸው የራሱ ቤቶች አሉት። ቀለም ቀቢውን ያሳሳተ ሕዋሱን እንደ ፈለገ ሊያደርገው ይችላል።

ይህን አስቀድሞ ያደረገው ሰው አይደለም፤ ቫይረስ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ፣ ኢ6 የሚባል ፕሮቲን አለው። ኢ6 ከሕዋሱ ቀለም ቀቢዎች አንዱን ይይዝና ፒ53 ወደ ተባለው ፕሮቲን ይመራዋል። ፒ53 የተበላሸ ሕዋስ እንዳይከፋፈል የሚያግድ ዘበኛ ነው። በ1990 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ዘበኛው ያለ ጥፋቱ ምልክት ይደረግበትና ይፈርሳል፤ ሕዋሱም ያለ ዘበኛ ይቀራል። በአገራችን በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት ለዚህ ቫይረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ክንዳችንን ለመርፌ የሰጠን ብዙዎች በዚህ አዳራሽ አለን፤ እኔም አንዷ ነኝ። በዚያ ቀን አንዳንዶቻችን ምን እንደሚወጋን ሳናውቅ ስንፈራ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ፤ ለታናናሽ እኅቶቻችን የምንነግራቸው ምክንያት ይኸውና።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እመጣለሁ። ሊቃውንት በመጀመሪያ የሞከሩት የበርሜሉን ስለት መዝጋት ነበር። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አልፍሬድ ጎልድበርግ በ1993 አንድ ትንሽ ኩባንያ ሲያቋቁም አሳቡ በሕመም የሚመነምነውን ጡንቻ ለማዳን ነበር። ከዚያ ሥራ ቦርቴዞሚብ የተባለ መድኃኒት ተገኘ፤ የጠቀመው ግን ማይሎማ ለተባለው የመቅኔ ካንሰር ሆነ። የማይሎማ ሕዋስ ሌት ተቀን ፕሮቲን ሲያመርት የሚውል ነው። ቆሻሻው የማይነሣለት የገበያ ስፍራ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ በርሜሉ ሲዘጋበት በራሱ ምርት ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒቱ በ2003 በአሜሪካ ተፈቀደ። የሌሎችንም ሕዋሳት በርሜል ስለሚዘጋ የእጅና የእግር መደንዘዝን የመሰለ ጉዳት አለበት፤ ቢሆንም ብዙ ሰዎችን ረድቷል። ስለ እርሱ ይህ ይበቃል። ከእርሱ ይልቅ የሚያስገርመው ቀለም ቀቢውን የሚመራው መድኃኒት ነው።

በ1957 ግሩነንታል የተባለው የምዕራብ ጀርመን ኩባንያ ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ለገበያ አቀረበ። አይጦች ምንም ያኽል ቢሰጣቸው አልሞቱም፤ ስለዚህ ፍጹም ደኅና ነው ተባለ፤ በጀርመንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ጀመር። እርጉዝ ሴቶች በጧት የሚይዛቸውን ማቅለሽለሽ ስለሚያስታግሥ ለእነርሱም ታዘዘ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች እጃቸው ወይም እግራቸው አጥሮ፣ አንዳንዴም መዳፋቸው ከትከሻቸው ላይ ተጣብቆ የሚወለዱ ሕፃናት ይታዩ ጀመር። አንዲት እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ፣ የሕፃኑ እጅና እግር በሚበቅልባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ ከዋጠችው፣ አንድ ክኒን እንኳ ይበቃ ነበር። ብዙዎቹ እናቶች በእነዚያ ቀናት እርጉዝ መሆናቸውን ገና አያውቁም ነበር። በጀርመን ቪዱኪንድ ሌንትስ፣ በአውስትራልያ ዊልያም ማክብራይድ የተባሉ ሐኪሞች ምክንያቱን ካስታወቁ በኋላ በ1961 መጨረሻ ከጀርመን ገበያ ተነሣ። ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተው፣ ብዙዎቹም ሞተው ነበር። ኩባንያው ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው። በሕይወት ያሉት ሕፃናት ያን ጊዜ 50 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

በአሜሪካ መድኃኒቱ ለሽያጭ አልተፈቀደም። ያልተፈቀደውም ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች ሴት ሐኪም ፊርማዋን ስለ ከለከለች ነው። ኬልሲ በመንግሥት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ሥራ በጀመረች በወሩ፣ በ1960፣ ይህ ማመልከቻ ቀረበላት። ቀላል ጉዳይ ነው ተብሎ ነበር ለአዲሲቱ ሠራተኛ የተሰጣት። እርስዋ ግን ማስረጃው አይበቃም ብላ መለሰችው። ኩባንያው ደጋግሞ ቢጐተጕታት፣ ለአለቆቿም ቢከስሳት፣ አልተነቃነቀችም። በተለይም መድኃኒቱ የአንዳንድ ሰዎችን ነርቭ እንደሚጎዳ ባነበበች ጊዜ፣ በጽንስ ላይስ ምን ያደርጋል? ስትል ጠየቀች። የሚመልስላት አልነበረም። ለሙከራ እየተባለ ለሐኪሞች የታደለው ክኒን በዚያም አገር ጥቂት ሕፃናትን ጎድቷል፤ የቀሩት ግን በእርስዋ ጥያቄ ተረፉ። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሜዳልያ ሸለማት።

ታሊዶማይድ በዚሁ ቢቀበር ኖሮ ማንም ባላዘነለት ነበር። ነገር ግን በ1964 በኢየሩሳሌም ያዕቆብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም በሥጋ ደዌ የታመመ፣ ከሕመሙ ጽናት የተነሣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያክም ነበር። ሌላው መድኃኒት ሁሉ ስላቃተው፣ ቢያስተኛው ብሎ ታሊዶማይድ ሰጠው። በሽተኛው ተኛ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ቍስሉና ሕመሙ ቀለለለት። ሌሎችንም ቢሞክር እንዲሁ ሆነ። ይህ ሥጋ ደዌ በያዛቸው በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚነሣ፣ ከትኵሳትና ከነርቭ ሕመም ጋር የሚያሠቃዩ ቀያይ እብጠቶችን የሚያወጣ ሕመም ነው። በአዲስ አበባ በ1965 በተቋቋመው በአለርት ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞቻችን ይህን ሕመም አሳምረው ያውቁታል።

ከዚያም በ1999 የአሜሪካ ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት ሁሉ እንቢ ያላቸውን 84 የማይሎማ በሽተኞች በታሊዶማይድ ሞክረው፣ ከሦስቱ አንዱ ያኽል እንደ ተሻለው አስታወቁ። ቀጥሎም ሌናሊዶማይድን የመሰሉ ተከታዮች ተሠሩለት፤ ዛሬ በማይሎማ ሕክምና ውስጥ ዋና ስፍራ የያዙ ናቸው። ነገር ግን ለምን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም ነበር፤ ለምን ሕፃናትን እንደ ጎዳም እንዲሁ። አስቡት! ከ40 ዓመት በላይ፣ ከመርዝነቱ የተነሣ ስሙ የሚያስፈራ ነገር፣ አሠራሩ ሳይታወቅ ለሰው ይሰጥ ነበር።

መልሱ የተገኘው በ2010 በጃፓን ነው። ታኩሚ ኢቶና ሂሮሺ ሃንዳ የተባሉ ሊቃውንት ባልደረቦቻቸውን ይዘው ታሊዶማይድን በደቃቅ የማግኔት ዶቃዎች ላይ አጣብቀው በሕዋስ ጭማቂ ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ ዶቃዎቹን በማግኔት ስበው አወጡ። ዓሣ አጥማጅ በመንጠቆው ጫፍ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። በመንጠቆው ላይ የተገኘው ዓሣ ሴሬብሎን የተባለ ፕሮቲን ነበር። ሴሬብሎን ምንድን ነው? ከ600ዎቹ ቀለም ቀቢዎች የአንዱ እጅ! ታሊዶማይድ የማይይዘው ሴሬብሎን ባላቸው የዓሣና የጫጩት ጽንሶች ላይ ሲሞክሩትም ክንፍና እግራቸው ከጉዳት ተረፈ።

በ2014 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ቀሪውን አሳዩ። መድኃኒቱ በሴሬብሎን ላይ ሲቀመጥ፣ በቀለም ቀቢው እጅ የሌላ ሰው አድራሻ እንደ ማስጨበጥ ነው። ቀለም ቀቢው ቀድሞ ደርሶባቸው ወደማያውቅ ቤቶች ሄዶ ይቀባል፤ አፍራሾቹም ይከተላሉ። በማይሎማ ሕዋስ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚፈርሱት አይካሮስና አዮሎስ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሕዋሱ ያለ እነርሱ መኖር አይችልም። በ2018 ደግሞ ከሚፈርሱት አንዱ ሳል4 የተባለ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። (ስሙ ከጕንፋን ሳል ጋር ዝምድና የለውም።) ሳል4 በጽንስ ውስጥ እጅና እግር እንዲበቅል ትእዛዝ ከሚሰጡት አንዱ ነው። መድኃኒቱን ፈጽሞ ያልቀመሱ፣ ነገር ግን በሳል4 ውርሳቸው ላይ ጕድለት ይዘው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፤ ሐኪሞች ቀድሞ አንዳንዶቹን የታሊዶማይድ ልጆች ናቸው ብለው እስኪሳሳቱ ድረስ ክንዳቸው ይመሳሰላል። አይጦቹስ ለምን ዳኑ? የአይጥ ሴሬብሎን ከሰው ሴሬብሎን ትንሽ ይለያል፤ አድራሻው በእጁ አይጨበጥም። እንግዲህ በ1957 «ፍጹም ደኅና» ያሰኘው ምስክር፣ በዚህ ጉዳይ ሊመሰክር የማይችል እንስሳ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው፣ ታዲያ መድኃኒቱ ጥሩ ነው ወይስ ክፉ? ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ጥያቄው እንደዚህ መቅረብ ያለበት አይመስለኝም። ቀለም ቀቢው፣ ቀለሙ፣ በርሜሉ፣ የተጨበጠውም አድራሻ በሁለቱም ዘንድ አንድ ናቸው። የሚለየው በዚያ ቀን በዚያ ሰውነት ውስጥ የትኛው ቤት ቆሞ እንደ ነበረ ነው። በሽማግሌ መቅኔ ውስጥ ሲሆን ካንሰሩ ይፈርሳል፤ በማኅፀን ውስጥ ሲሆን የሕፃን ክንድ ይፈርሳል። ስለዚህም ነው ዛሬ ይህን መድኃኒት የምትወስድ፣ ልትወልድ የምትችል ሴት አስቀድማ የእርግዝና ምርመራ የሚደረግላት፣ ክኒኑንም ለሌላ ሰው ማካፈል በጥብቅ የተከለከለው። አደጋውም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሥጋ ደዌ ሕሙማን በብዛት በሚታከሙበት በብራዚል፣ ከ2000 ወዲህ እንኳ በዚሁ ክኒን የተጎዱ ሕፃናት ተወልደዋል። በእኛም አገር ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ተውሶ መዋጥ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ወላጆቻችን ይህን አንድ ነገር ከንግግሬ ይዘውልኝ ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

ሊቃውንት አሠራሩን ካወቁ በኋላ አድራሻውን ራሳቸው መጻፍ ፈለጉ። እንዲያውም አሳቡ ከሴሬብሎን መገኘት ይቀድማል። በ2001 ክሬግ ክሩስና ሬይመንድ ደሼስ የተባሉ አሜሪካውያን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለት ጫፍ ያለው ሞለኪውል ሠሩ። እኔ ይህን ሞለኪውል ቀንበር እለዋለሁ። በአንዱ ጫፍ ቀለም ቀቢው ይጠመዳል፤ በሌላው ጫፍ በሽታ የሚያመጣው ፕሮቲን ይጠመዳል። ጎን ለጎን ሲቆሙ ቀለሙ ይቀባል፤ ቀንበሩም ይፈታና ሌላ ጥንድ ሊጠምድ ይሄዳል። የተለመደው መድኃኒት እንዲሠራ በፕሮቲኑ ቍልፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እዚያው መቀመጥ አለበት፤ ብዙ ጎጂ ፕሮቲኖች ደግሞ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የላቸውም። ቀንበር ግን ቀዳዳ አይፈልግም፤ የሚይዝበት ጥቂት ስፍራ ካገኘ ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀንበሮች ትልልቅና ወደ ሕዋስ በራሳቸው የማይገቡ ስለ ነበሩ በመርፌ ይጨመሩ ነበር። እየተሻሻሉ ሄደው በ2019 በክኒን መልክ በፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ላይ ሙከራ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ቀንበሮች በሰው ላይ ሲሞከሩ ቈይተዋል።

ከእነዚህ ቀንበሮች ብዙዎቹ በአንድ ጫፋቸው የሚጠምዱት ያንኑ ሴሬብሎንን ነው፤ ለመጥመድም የሚጠቀሙት ከታሊዶማይድ የተወሰደ ቍራጭ ነው። ስለዚህ አዲስ ሞለኪውል በቤተ ሙከራ በተሠራ ጊዜ፣ ለበሽተኛ ከመሰጠቱ እጅግ አስቀድሞ፣ በብልቃጥ ውስጥ ባለ የሰው ሕዋስ ላይ አድርገው የትኞቹ ፕሮቲኖች እንደ ጠፉ፣ የትኞቹስ እንደ ቀሩ ይቈጥራሉ። ከሚፈልጓቸውም ስሞች አንዱ ሳል4 ነው። ፍራንሲስ ኬልሲ በ1961 ስለ ጽንስ ጠይቃ መልስ ያጣችለትን ጥያቄ አሁን ገና ከጅምሩ ይጠይቁታል፤ ሳል4 ከጠፋ ያ ሞለኪውል ወደ መሥሪያው ጠረጴዛ ይመለሳል፤ ወይም ይጣላል።